የአባባ ጣትና ተች ስልክ

አባባ ስክሪኑን ይነካሉ፤ ስክሪኑ ግን ጣታቸውን አያውቀውም። ወረባቦ ውስጥ፣ ከቢስቲማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ ዕድሜ ልካቸውን እርፍ ጨብጠው የኖሩ ገበሬ ናቸው። የጣታቸው ጫፍ ደንድኗል፤ ቦታ ቦታው ላይም ተሰነጣጥቋል። ጅዳ ያለችው ታላቅ እህቴ ተች ስልክ ስትልክላቸው አረንጓዴዋን የስልክ ምልክት ደጋግመው ነኩ። ዝም። ጫን አሉ። አሁንም ዝም። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ይኼስ ለናንተ የተሠራ ነው ልጄ» አሉኝ።

ይህን ንግግር ደሴ ውስጥ ከጓደኞቼ ወላጆችም ሰምቻለሁ። ልጆቹ ደግሞ «አይገባቸውም፣ ቁልፍ ያለው ስልክ ይበቃቸዋል» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አባባ የትኛው ምልክት ምን እንደሚሠራ አንዴ ከነገርኳቸው አልረሱም። ያስቸገራቸው ቆዳቸው ነው። ስልኩም ከፋብሪካ ሲወጣ የወጣት እጅና የወጣት ዓይን ታስቦ ነው የተስተካከለው። ሁለቱም መላ አላቸው። እኔ ደሴ አስተማሪ ነኝ፤ ክረምትና በዓል ሲመጣ ቤተሰብ ጋ እሄዳለሁ። ለአባባ፣ ለእማና ለአክስቴ ስልክ ሳስተምር የሠራልንን ነው የምጽፈው። ገጠር ወላጅ ያለው ሁሉ ቢሞክረው ደስ ይለኛል።

ከጣት ልጀምር። የዛሬ ስልክ ስክሪን ግፊት አይለካም። ከመስታወቱ ስር በዓይን የማይታይ ስስ የኤሌክትሪክ መስመር ተዘርግቷል። የሰው ገላ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ጣት መስታወቱ ላይ ሲያርፍ እዚያ ቦታ ያለው ኤሌክትሪክ በጥቂቱ ይለወጣል፤ ስልኩ መነካቱን የሚያውቀው በዚህ ነው። ጥፍርና እንጨት ስለማያስተላልፉ ስልኩ አይሰማቸውም። ደረቅና የደነደነ ቆዳም በደንብ አያስተላልፍም። ስለዚህ «ጠንከር አድርገው ይጫኑት» የሚለው ምክር ሰውየውን ከማድከም በቀር ብዙ ፋይዳ የለውም።

እኛ ቤት የሠራው እንዲህ ነው። አባባ እጃቸውን ታጥበው በጨርቅ ያደርቃሉ፤ ጣታቸው ላይ ግን ትንሽ ወዝ ይተዋሉ። በጣታቸው ጫፍ ወግቶ መንካቱን ትተው ጣታቸውን አስተኝተው በሥጋማው በኩል ነካ ያደርጋሉ። በኋላ ደግሞ ራሳቸው አንድ ነገር አገኙ። የቀለበት ጣታቸው ከሌባ ጣታቸው ይሻላል። እርፍና ማጭድ ብዙ ስላላደነደኑት ለስለስ ያለ ነው። ዛሬ ስልካቸውን የሚሠሩት በቀለበት ጣት ነው። ላየው ሰው ግር ይላል፤ ስልኩ ግን ይታዘዛል። ማታ ማታ ቫዝሊን መቀባታቸውም ስንጥቁን አለስልሶላቸዋል።

የስክሪን መከላከያውንም እዩት። ከሱቅ የሚለጠፈው ወፍራም ግላስ፣ በተለይ ከስሩ አየር የያዘ ከሆነ፣ ደካማውን ንክኪ የባሰ ያዳክመዋል። የአባባን አስነስተን ስስ ስናስለጥፍ ልዩነቱ ወዲያው ታወቀ። አንዳንድ ስልኮች ላይ ደግሞ የስክሪኑን የመነካት ስሜት ከፍ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ። ጓንት ለሚያደርግ ሰው ታስቦ የተሠራ ነው፤ ለገበሬ እጅም ይሆናል። ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ የሚለው ጋ ፈልጉት። ከሌለም ግድ የለም፣ የቀረው ይበቃል።

የእማ ችግር ሌላ ነው። እሷ ከጓዳ ስትወጣ እጇ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ውሃም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ስክሪኑ ላይ ጠብታ ካለ ስልኩ ያልተነካ ቦታ የተነካ ይመስለዋል። «ስልኩ ብቻውን ይደውላል» ስትል የነበረው እውነት ነበር። ከዚያ በኋላ ስልኩ ከሚቀመጥበት መደብ ላይ ደረቅ ጨርቅ አስቀመጥንላት። እጇንም ስክሪኑንም ጠረግ አድርጋ ትነካለች።

አሻራን እንደ መክፈቻ አትመኩበት። የአባባ አሻራ በሥራ ስለደበዘዘ ስልኩ አንዴ ያውቀዋል፣ ሦስቴ አያውቀውም። ሰው ፊት ስልካቸው እምቢ ሲላቸው ያፍራሉ፣ ቀስ በቀስም መክፈቱን ይተዉታል። ፓተርን አደረግንላቸው። ነጥቦቹን በአንድ መስመር ማገናኘት ነው፤ ፊደል ለማታነበው እማም ቀላል ሆነላት። በነገራችን ላይ ወላጆቻችሁ የፋይዳ መታወቂያ ለማውጣት አሻራቸው አይነሳም ብለው ከፈሩ፣ ምዝገባው ከአሥሩ ጣት አሻራ ሌላ የዓይን አይሪስና የፊት ፎቶም ይወስዳል። ጣቴ ጠፍቷል ብለው ቤት እንዳይቀሩ ንገሯቸው።

ከቆዳው ቀጥሎ የመጣብን ችግር ረጅም መጫን ነው። ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ትልቅ ሰው አንድን ነገር ሲነካ ቶሎ ጣቱን አያነሳም፤ እርግጠኛ ለመሆን ቆየት ይላል። ስልኩ ደግሞ ቆየት ያለን ጣት «ይህን ምልክት አንቀሳቅስ» ወይም «አጥፋ» ብሎ ይተረጉመዋል። አክስቴ «ኢሞ፣ ያ የቪዲዮ መደወያው አፕ፣ ከስልኬ ላይ ጠፋ» ብላ ስንት ጊዜ አለቀሰች። ማንም አልሰረቃትም፤ በጣቷ ጎትታ ሌላ ገጽ ላይ አስቀምጣው ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ተደራሽነት የሚባል ክፍል አለ፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ አክሰሲቢሊቲ ይላል። እዚያ ውስጥ ጣት ስንት ጊዜ ከቆየ ነው ረጅም መጫን የሚባለው የሚለውን ማስረዘም ይቻላል። ረጅም የሚለውን ስንመርጥላት ምልክቶቹ ባሉበት ረጉ። ስልኩ የፊት ገጹን መቆለፍ የሚፈቅድ ከሆነ ይህንንም አድርጉ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፤ ስንቱ ሰው ተች ስልክ የጠላው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚያው ክፍል ውስጥ የጽሑፍ መጠን ማጉያ አለ። ቋንቋውንም ወደ አማርኛ ቀይሩላቸው። አባባ በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረዋል፤ ቀስ እያሉ ያነባሉ። ስልኩ በአማርኛ ሲያናግራቸው ፊታቸው ተፈታ። ደሴ ያሉ አንዳንድ የሞባይል ሱቅ ልጆች «በአማርኛ ሲሆን ያስቸግራል» ይላሉ። የሚያስቸግረው እነሱን ነው፣ እንግሊዝኛውን ስለለመዱ። ባለስልኩ የሚፈልገውን አድርጉለት።

የፊት ገጹን አራቁቱት። ስልኩ ይዞት የመጣውን ጌምና የማይታወቅ አፕ በሙሉ ከፊት አንሱ። የእማ ስልክ ላይ የቀሩት መደወያ፣ ኢሞ፣ ዩቲዩብና ካሜራ ናቸው። ከስራቸው የእኛ የልጆቿ ፎቶ ተደርድሯል። ፎቶውን ስትነካ በቀጥታ ይደውላል። ስም ማንበብ አያስፈልጋትም። የአባባ ላይ ቴሌብር ተጨምሯል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስልኩን ከእጃቸው አትንጠቁ።

እህቴም ወንድሜም እማን ሲያስተምሩ አይቻለሁ። «ቆይ አምጪው» ብለው ይቀበሏታል፣ ፈጠን ፈጠን አድርገው ይነካካሉ፣ «ይኸው፣ ገባሽ?» ብለው ይመልሱላታል። እማም «ገብቶኛል» ትላለች። ልጆቿን ማድከም ስለማትፈልግ ነው እንደዚያ የምትለው። እኔ ሳስተምር እጆቼን ከኋላዬ አድርጌ ነው የምቀመጠው። በአፌ ብቻ እናገራለሁ። «እማ፣ ያቺን ሰማያዊ ንኪያት። አብሽሪ፣ ምንም አይበላሽም። አሁን የእህቴን ፎቶ ፈልጊ።» ጊዜ ይወስዳል። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና እስኪያልፍ አንድ ነገር ብቻ ብናደርግ ነው። ግን ያቺን አንድ ነገር እጇ ያውቃታል፤ እኔ ደሴ ከተመለስኩ በኋላም አልጠፋችባትም።

አንዱን ነገር የሚመርጡትም እነሱ ይሁኑ። እማን «ምን እንዲያደርግልሽ ነው የምትፈልጊው?» ስላት መልሷ አንድ ነበር። ጅዳ ያለችውን ልጇን ማየት። ወሎ ውስጥ ዐረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ለዚህ ነው ኢሞ ገጠር ድረስ የገባው፣ ደካማ ኔትወርክ ላይም ስለሚሠራ። ስለዚህ ከኢሞ ጀመርን። ስለ ኢሜይል፣ ስለ አካውንት፣ ስለ አፕዴት አንድም ቃል አላነሳሁም። እሱን እኔ ጨርሼ ነው የሰጠኋት።

ቪዲዮ ኮል ላይ የገጠመን ነገር ይህ ነው። ስልኩ ሲጠራ እማ በልማዷ ወደ ጆሮዋ ትወስደዋለች። እህቴ ጅዳ ሆና የምታየው የእናቷን ሻሽና ጆሮ ብቻ ነበር። «ፊትሽን አሳዪኝ እማ!» እያለች ትጮሃለች፤ እማ ደግሞ ድምፁን ለመስማት የባሰ ወደ ጆሮዋ ታስጠጋለች። ስፒከሩን ከፍ አድርገን ስልኩን በሰፌድ ላይ ከረከቦቱ ጎን አስደግፈን አቆምነው። ሁለት እጇ ነፃ ሲሆን ችግሩ ጠፋ። ብርሃን ከበሩ በኩል ፊቷ ላይ እንዲያርፍ ጀርባዋን ለጓዳው ሰጥታ ትቀመጣለች። ጀርባዋን ለበሩ ከሰጠች ጥላ ብቻ ነው የምትታየው። አሁን ቡና ሲፈላ እህቴ አብራ ትቀመጣለች። እሷም እዚያ የራሷን አፍልታ፣ በረካ ላይ ሲደረስ እማ ትመርቃታለች፣ እሷም «አሚን» ትላለች። ልጅ ዐረብ አገር ሰዳ ለዓመታት ድምፅ ብቻ ስትሰማ የኖረች እናት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ሌላውን ፍላጎት እነሱው አመጡት። እማ መንዙማ ጠየቀች። ፊደል ሳትጽፍ እንዴት ትፈልግ? የጉግል ኪቦርድ ላይ ማይክ አለ፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛ በድምፅ ይቀበላል። ማይኳን ነክታ «መንዙማ» ስትል ይጽፍላታል። ረጅም ነገር ስትናገር ይስታል፤ ለአጭር ቃል ግን ጥሩ ነው። ዩቲዩብ ላይ አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ የሚጀምርበትን አውቶፕሌይ አጥፉላቸው። እንቅልፍ ወስዷት ፓኬጇ ሲያልቅ አድሯል። ቴሌግራም የሚጠቀሙ ከሆነም ፎቶና ቪዲዮ በራሱ የሚያወርደውን ዝጉት፤ ዳታም ይበላል፣ ስልኩንም ይሞላል። ፓኬጅ መግዛት *999# ላይ ነው፤ አባባ እሱን ከእኔ በፊት ያውቁት ነበር።

ስለ ገንዘብ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ እዚህ ላይ ሰው ይጎዳል።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የእኛ አካባቢ ገበያም እየለመደው ነው። አባባ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ይወርዳሉ፣ ፍየል ይሸጣሉ። አንድ ቀን ገዥው «ልኬልሃለሁ» ብሎ የራሱን ስልክ አሳያቸው። ስክሪኑ ላይ የአባባ ስም አለ፣ ብሩ አለ፣ ሰዓቱ አለ። አባባ ፍየሉን አልለቀቁም። ቁጭ ብለው *127# ደውለው የራሳቸውን ሂሳብ አዩ። የገባ ነገር የለም። ሰውዬው «ኔትወርክ ነው፣ አሁን ይገባል» እያለ ቆየና ወደ ሰው መሐል ገባ፤ ፍየሉን ሳይወስድ።

ይህን ያደረጉት ቀድመን ስለተለማመድነው ነው። የሰው ስክሪን ምንም ማስረጃ አይሆንም። ፎቶ ይቀናበራል፣ የድሮ ክፍያ ይታያል። የሚመጣው መልእክትም ቢሆን ከየት እንደመጣ ይታይ። የቴሌብር መልእክት ላኪው 127 ነው። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር «ይህን ያህል ብር ገብቶልዎታል» የሚል ከመጣ የማታለል ነው። ብዙ ጊዜ ተከትሎት ስልክ ይደወላል። «በስህተት ነው የላክሁት፣ በአላህ መልስልኝ፣ የታመመ ሰው አለብኝ» ይላሉ። ወላጆቻችን ደግሞ አዛኝ ናቸው፣ የሰው ሐቅ ይፈራሉ። አባባን «ይመልሱ፣ ግን መጀመሪያ ሂሳብዎን ይዩ፤ ያልገባ ብር አይመለስም» ስላቸው ወዲያው ገባቸው።

ሁለተኛው ማታለያ ቁጥር መጠየቅ ነው። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ አሁን በስልክዎ የሚገባውን ቁጥር ይንገሩኝ» ይላል። ያ ቁጥር የቴሌግራሙ ወይም የቴሌብሩ መክፈቻ ነው። እኛ ቤት ደንቡ አጭር ነው፦ በስልክ የገባ ቁጥር ለማንም አይነገርም፣ ለእኔም ጭምር። ለእኔም ጭምር የሚለው አስፈላጊ ነው፤ አታላዩ «ልጅዎ ነው የላከኝ» ሊል ይችላልና። ቴሌግራም ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለውን አብሩላቸው፤ ያኔ ቁጥሩ ቢያመልጥ እንኳ ሌላ የይለፍ ቃል ይጠይቃል።

የሚስጥር ቁጥሩን ራሳቸው ይምረጡት። የትውልድ ዓመት አይሁን። ልጆች የወላጆቻቸውን ፒን ይዘው ብር ሲልኩላቸው አያለሁ፤ ለጊዜው ይቀላል፣ ሰውየው ግን ገንዘቡን አያውቀውም። አባባ የራሳቸውን መርጠዋል፤ እኔ አላውቀውም፣ ማወቅም አልፈልግም።

ሌላው ከባድ ነገር ወሬ ነው። አክስቴ ቲክቶክ ማየት ትወዳለች። አንድ ማታ «ሐይቅ ሞልቶ ከተማውን አጥለቀለቀው» የሚል ቪዲዮ ይዛ እየሮጠች መጣች። ቤቱ ተሸበረ፤ ሐይቁ ዳር ባለችው ሐይቅ ከተማ ዘመድ አለን። አባባ ረጋ ብለው ጠየቋት። «ማን ነው ያየው? መቼ ነው? ካየው ሰው ነው የሰማሽ ወይስ ከሰማው?» አባባ ባቲ ገበያ ከአፋር ወዳጆቻቸው ጋር ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ዳጉን ያውቁታል። በዳጉ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ወሬ ይለዋወጣል። ተናጋሪው ያየውንና የሰማውን ለይቶ ይናገራል፣ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ይገልጻል። የዋሸ ይነወራል። አባባ ይህንኑ ነው ቲክቶክ ላይ ያመጡት። አክስቴ ለአንዱም መልስ አልነበራትም። ሐይቅ ለሚኖረው የአጎታችን ልጅ ደወልን። ሐይቁም ባለበት፣ ከተማውም ባለበት ነው አለን። እኔ ስለ ሐሰተኛ መረጃ ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ከአባባ ጥያቄዎች የተሻለ ግን አላገኘሁም። አሁን የሰው ፊትና ድምፅ በኮምፒውተር በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ የበለጠ ያስፈልጋሉ። ወላጆቻችሁ ወሬ የሚያጣሩበት የቆየ ሥርዓት አላቸው፤ ስልኩ ላይም እንደሚሠራ አሳዩአቸው።

ከወሬ ሁሉ የሚከፋው መርዶ ነው። አጎታችን ያረፉ ጊዜ ጅዳ ያለችው እህቴ የሰማችው ከፌስቡክ ነው። አንድ የሰፈር ልጅ ፎቶአቸውን ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈ፤ በደግነት ነው። እሷ ግን ሥራ ላይ ሆና፣ ሰው ቤት፣ ብቻዋን አየችው። እኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ የሚደግፍ ሰው ከጎን ይቆማል። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ዕድር ላይ ተነጋግረንበታል። ዐረብ አገርና አዲስ አበባ ያለ የቅርብ ቤተሰብ መርዶው ሳይደርሰው ፎቶ አይለጠፍም። ዐረብ አገር ላለው ደግሞ መጀመሪያ አብሮት ለሚኖር የአገር ልጅ ይደወላል፤ እሱ አጠገቡ ተቀምጦ ይነግረዋል። ይህን በየሰፈራችሁ ብታነሱት እጅግ ይጠቅማል። ማንም አልተቃወመንም፤ ሁሉም የሆነ ቁስል ነበረው።

ኔትወርክ እንደሚጠፋም አስቡ። በ2014 ጦርነቱ ወሎ ሲገባ መብራትም ኔትወርክም አጥተን ከረምን። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ ኢሞ የለም፣ አፕ የለም። ጥሪ በሚሠራበት ቦታ የረዳን በኮከብና በመሰላል የሚደወለው አጭር ቁጥር ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግምና። ስለዚህ አባባን ቴሌብር ሳስተምር ከአፑ በፊት *127#ን ነው ያስለመድኳቸው። ባቲ ላይ ያዳናቸውም እሱ ነው። የእህቴን ጨምሮ ዋና ዋና ስልክ ቁጥሮች በደብተር ተጽፈው ቁርአኑ ከሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ አሉ። ቁልፍ ያለውን የድሮ ስልክም አልጣልነውም። ቻርጁ ቀናት ይቆያል፣ መብራት በሌለበት ሰሞን እሱ ነው የሚያገለግለው።

የልጅ ልጆቹን ነገር በአጭሩ። ስልኩ ቤት ከገባ ጀምሮ ልጆቹ ከእማ እጅ አይለዩም። ቲክቶክ ራሱ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይፈቅድም፤ ይህን ለእማ ስነግራት ለመከልከል አቅም ሆናት። «እኔ ሳልሆን ባለቤቶቹ ናቸው ያሉት» ትላቸዋለች። ፓተርኗንም አይተው ስለለመዱት በየጊዜው ትቀይረዋለች። ደግሞ ብዙ ጊዜ «ስልኬ ተበላሸ» የሚባለው ልጅ የጫነው ጌም ሞልቶት ነው፤ ሠሪ ጋ ከመውሰዳችሁ በፊት እሱን እዩ።

በመጨረሻ፣ ሲሙ በማን ስም እንደወጣ ዛሬውኑ ጠይቁ። የገጠር ወላጅ ብዙው የሚጠቀመው በልጁ ወይም በጎረቤት ስም በወጣ ሲም ነው። ስልኩ የጠፋ ዕለት ሲሙን ማስተካት የሚችለው በስሙ የወጣለት ሰው ነው። ያ ሰው ዐረብ አገር ከሄደ ቁጥሩም፣ ቴሌብሩም፣ ውስጡ ያለው ብርም ችግር ላይ ይወድቃል። የአባባ ሲም በእህቴ ስም ነበር። ለዕረፍት በመጣች ጊዜ ሁለቱም መታወቂያቸውን ይዘው ቴሌ ሄዱና ወደ አባባ ስም ተዛወረ። የእማ ገና ነው፤ የወጣው በታናሽ ወንድሜ ስም ነው፣ እሱ ለመስቀል ሲመጣ ሐይቅ አብረው ይሄዳሉ።